ለዓይናለም ብቻ

ፈተናው አልቆ ግቢው ሲለቀቅ ተማሪው ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ ወደየአገሩ ተበተነ። ዓይናለም ግን ደብረ ታቦር ላይ እግሯ ተሳሰረ። ሕክምና ሦስተኛ ዓመቷን መጨረሷ ነው፤ አንድ መምህሯ ክረምቱን ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ክፍል እንድታሳልፍ መርጠዋታል። ይህን ዕድል ሌላው ለምኖም አያገኘውም።

በዚያው ሰሞን እናቷ ወርቅነሽ ከጉና ተራራ ሥር ደወለች። "ጡቴ ላይ የጠጠረች ነገር አለች፤ ስትመጪ ታዪልኛለሽ" አለቻት፣ ስለ ጠፋች ዶሮ እንደምታወራ ቀለል አድርጋ።

"ኧረ እማ፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ!"

"ላንቺ ነው እንጂ ለሌላ አላሳይም።"

እውነቱን ከተናገርን፣ ዓይናለም ሆስፒታሉን የፈለገችው ለትምህርቱ ብቻ አልነበረም። ፈርታ ነው። ካልሄደች አታይም፤ ካላየች ደግሞ እብጠቷ ተራ እብጠት ሆና ትቆይላታለች። ተምሮ እንዲህ ማሰብ ያሳፍራል፤ እሷም አፍራለች፤ ግን ነገር በእናት ሲመጣ ትምህርት ምን ያደርጋል? "ዛሬ፣ ነገ" ስትል ሰነበተች። በመጨረሻ ጓደኛዋ ሩት፣ "አንቺ ልጅ፣ እናት ምትክ አላት እንዴ?" ብላ ስትቆጣት፣ መምህሯን ይቅርታ ጠይቃ ሚኒባስ ተሳፈረች።

ከመኪና ወርዳ በጭቃው ሽቅብ ስትወጣ ያገኛት ሁሉ "ዶክተር መጣች!" ይላል። የአንድ ሰው ቁስል እንኳ አጥባ የማታውቅ ልጅ! በየሰላምታው ተሸማቀቀች።

ወርቅነሽ ልጇን አገላብጣ ሳመቻት፤ በሩን ዘጋችና ቀሚሷን ከትከሻዋ አወረደች። ዓይናለም ቀረብ ብላ ዳሰሰቻት። እብጠቷ እንደ ድንጋይ ጠጥራ አልንቀሳቀስ አለቻት፤ ቆዳው ወደ ውስጥ ተሰብስቧል፤ ብብቷ ሥርም ሌሎች ነበሩ። ተምራ ያጠናችው ክፉ ምልክት ሁሉ እናቷ ገላ ላይ አለ።

"መቼ ነው የጀመረሽ?"

"ሁለት ክረምት ሆናት። ያንቺን መማር ስጠብቅ ነው።"

"ለምን ሀብታሙ ጋ አልሄድሽም?"

ሀብታሙ የጤና ጣቢያው ነርስ ነው። እናቱ በወሊድ ስትሞት አጥብታ ያሳደገችው ወርቅነሽ ናት።

"ይኸን ጡት ጠብቶ ያደገ ልጅ፣ እንዲህ ሆኖ ይየው?" አለች። "አላደርገውም።"

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም? በይ ነገ ደብረ ታቦር እንሄዳለን።"

"ባዳ ፊት አልገለጥም ልጄ። አንቺን ለምን አስተማርሁ?"

ዓይናለም ለመነች፣ ተቆጣች፣ እግሯ ላይ ወደቀች። ሴት ሐኪም እንድታያት አደርጋለሁ ብላ ማለች። ወርቅነሽ የልጇን ፀጉር ብቻ ዳበሰች። ክረምቱ የሚያልፈው በዚህ ልመና እንደሆነ ዓይናለም ያን ጊዜ ገባት፤ ከክረምቱ ወዲያ ስላለው ግን ማሰብ አልደፈረችም።

"ለመሆኑ ስንት ዓመት ቀረሽ?" አለች ወርቅነሽ፣ ቀሚሷን እየሰበሰበች።

"ሦስት።"

"እዲያ! ሁለቱን ጠብቄሽ የለ? ሦስቱንም እጠብቅሻለሁ።"