ክምርሽን ውሰጂ

አሥራ አንደኛው ታሪኬ ተመልሶ በመጣ ማግስት፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ከፊቴ አርባ አንሶላ ተከምሮ ነበር። ክምሩ ቅንድቤ ይደርሳል። ከበር የገባ ሰው ከእኔ የሚያየው ግንባሬንና ሻሼን ብቻ ነው።

የምሠራው በአንድ ሆቴል ምድር ቤት፣ ልብስ መተኮሻ ክፍል ውስጥ ነው። አንሶላ የሚተኩሰው ትልቁ ማሽን ከተበላሸ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። አለቆቹ "ነገ ይሠራል" ሲሉ እኛ የሆቴሉን አንሶላ ሁሉ በእጅ ካውያ እንተኩሳለን። ሦስት ነን። እኔ፣ አፏ ስለማይዘጋ ራዲዮ ያልናት ባልደረባዬ፣ እና እትዬ። እትዬን በስማቸው የሚጠራ ሰው ሰምቼ አላውቅም። አሥራ ስምንት ዓመት ሲተኩሱ አንድ ጨርቅ አቃጥለው አያውቁም። አለቃችን አዲስ ሠራተኛ ሲቀጥር መጀመሪያ የሚያሳየው እሳቸውን ነው፤ ካውያውን ቀጥሎ ያሳያል።

ታሪኩን የመለሰልኝ የአንድ መጽሔት አዘጋጅ ነው። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለውም።

"ልጄ፣ ቃላትሽ ያምራሉ" አለኝ። "ሰው ግን የለበትም። የዚህ እትም የመጨረሻዋ ገጽ ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ትዘጋለች። አስተካክለሽ ካመጣሽ ጥሩ። ካልሆነ ግን ራስሽንም አሳርፊ፣ እኛንም አሳርፊን።"

እኔ ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ። ታሪክ ማንበብ የለመድኩት እንግዶች አልጋ ውስጥ ረስተዋቸው ከአንሶላ ጋር ተጠቅልለው ከሚወርዱ፣ ባለቤት ካልመጣላቸው መጻሕፍት ነው። ብዙዎቹ ውሃ ነክቷቸው የመጨረሻ ገጾቻቸው ተጣብቀው ነበር። ታሪኬ መጨረሻው ላይ የሚደክመው ለዚህ ይሆናል። ያም ሆኖ ከፎቁ ስወርድ ወሰንኩ። ይሄም ከተመለሰ በቃኝ። ደብተሮቼን ለእህቴ ልጆች እሰጣለሁ፤ ጀርባው ባዶ ነው፣ ይሣሉበት። ተናድጄ እንዳይመስላችሁ። መናደድ ጉልበት ይፈልጋል።

ክፍላችን አንድ ሕግ አለው፤ ማን እንዳወጣው አይታወቅም። የሚያወራ ሰው ካውያ አይነካም። ተቀምጦ ያወራል፣ ክምሩን ሌሎቹ ተካፍለው ይተኩሱለታል። ወሬው ከቀዘቀዘ ግን አንሶላውን አንድ በአንድ ጭኑ ላይ ይመልሱለታል። ወሬው የሞተ እንደሆነ ደግሞ "ክምርሽን ውሰጂ" ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ይግባኝ የለም። ራዲዮ የጎረቤቷን ሠርግ ስትተርክ አንድ ጊዜ ሃያ ስምንት አንሶላ አስተኩሳናለች።

እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ የጻፍኩትን አንብቤ አላውቅም። እውነቱን ልናገርና፣ ንቄያቸው ነው። ለሦስተኛ ፎቅ የጻፍኩትን ምን ቆርጦኝ ምድር ቤት አነባለሁ? ያን ዕለትም ያነበብኩት ልቤ ተለውጦ አይደለም። እግሬ አብጦ ነው። መቀመጥ አምሮኝ።

"ዛሬ እኔ ነኝ" አልኩና ወረቀቴን ከመደረቢያዬ ኪስ አወጣሁ።

"አንቺ?" አለች ራዲዮ። "ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?"

"ምድር ቤት ፀሐይ የለም። ክምሬን ትወስጃለሽ ወይስ አትወስጂም?"

"አምጪው እስቲ። ደራሲ ወግ ይድረሳት፣ ትቀመጥ።"

እትዬ ከክምሬ ግማሹን ወደ ጠረጴዛቸው ሳቡ። ተቀመጥኩ። ኧረ እንዴት ደስ ይላል መቀመጥ! ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ።

ታሪኩ ባሏ ስለሞተባት ሴት ነው። የመጀመሪያው ገጽ ሰማይ ነበር። ሰማዩ የሐዘን ካባውን ደርቦ፣ ደመናው እንደ አልቃሽ ደረቱን እየደቃ፣ ነፋሱ ያልተጻፈ ደብዳቤ እያነበበ... ድምፄን ከፍ ዝቅ እያደረግኩ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ አንድ አንሶላ ጭኔ ላይ ዱብ አለ።

"ምነው?" አልኳት ራዲዮን።

"ሰማዩ ከበደኝ።"

"ገና መጀመሪያው ነው እኮ።"

"ይሁን፣ ዝነቢያ! ማን ከለከለሽ?"

ሁለተኛው አንሶላ መጣ። ሦስተኛው መጣ። ሁለተኛውን ገጽ ስጨርስ እትዬም አንድ አመጡ፤ እሳቸው ግን በትሕትና፣ ልክ የተኛ ሕፃን እንደሚያስረክብ ሰው በሁለት እጃቸው። ከራዲዮ ስድብ ይልቅ ያቺ አንሶላ ከበደችኝ። ግን ትዕቢት ክፉ ነው፤ አንገቴ ድረስ አንሶላ ቢቀብሩኝም አላቆምም ነበር። አራተኛው ገጽ መሃል ላይ ደረስኩ። እዚያ ጋ፣ ሴትየዋን ከሰማዩ ሥር አውጥቼ ወደ ቤቷ ማስገባት ስለነበረብኝ ብቻ የጻፍኳት ነገር አለች፦

"በሯን አንኳኳች። ጥቂት ቆየች። ከዚያ ቁልፏን አውጥታ ከፍታ ገባች። ቤቱ ውስጥ ከእሷ በቀር የሚኖር ሰው የለም።"

ካውያዎቹ ቆሙ።

የካውያ መቆም ይሰማል። ቀኑን ሙሉ ጆሮህ ሥር ሲተነፍስ የዋለ እንፋሎት ድንገት ጭጭ ይላል። ቀና ስል ራዲዮ አፏን ከፍታ ታየኛለች። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ቶሎ ብዬ ቀጣዩን አነበብኩ፦ "ምክንያቱም ሟች ባሏ አንድ ቀን በሩን ከፍቶ እንደሚቀበላት ልቧ ያምን ነበር።"

ያኔ ሸተተኝ።

የእትዬ እጅ ካውያው ላይ ነው፤ ካውያው አንሶላው ላይ ነው፤ አይንቀሳቀስም። ራዲዮ ዘልላ ስታነሳው አንሶላው መሃል ላይ ቡናማ የካውያ ቅርጽ ታትሞ ቀረ።

ይሄኔ ትዝ አለኝ። ረስቼው ነው ብል ውሸቴን ነው፤ ትዝ እንዳይለኝ ትቼው ነበር። ባለፈው ክረምት እትዬን ዕቃ ይዤላቸው ቤታቸው ድረስ ሸኝቼ ነበር። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። በራቸውን አንኳኩ፣ ቆዩ፣ ከዚያ በቁልፍ ከፈቱ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ አየሁ፤ አልጠየቅኩም። ወስጄ ጻፍኩት።

አለቃችን ሽታውን ተከትሎ መጣ። "ማነው?"

እትዬ አፋቸውን ከፈቱ። "እኔ ነኝ" አልኩ ቀድሜ።

"አንቺማ ነሽ። ሌላ ማን ይሆናል!"

እኔ ወረቀት ይዤ ተቀምጫለሁ፤ የተቃጠለው አንሶላ እትዬ ፊት ተዘርግቷል። ግን አመነ። ሰው የሚያምነው የለመደውን እንጂ ያየውን አይደለም። ማስጠንቀቂያ ጻፈብኝና ሄደ።

በነጋታው ሐሙስ ሰገነት ላይ ፎጣ ልናሰጣ ወጣን፤ እሳቸውና እኔ ብቻ።

"ያቺ የምታንኳኳዋ ሴት እኔ ነኝ፣ አይደል?" አሉኝ መቆንጠጫ ጥርሳቸው መሃል እንደያዙ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ።"

"ይቅርታ ማን ጠየቀሽ? ተሳስተሻል ነው የምልሽ።" መቆንጠጫውን ከአፋቸው አወጡ። "የሞተ ሰው በር እንደማይከፍት አላውቅም? ቂል አደረግሽኝ እኮ!"

ፎጣ አቀበልኳቸው።

"ባለቤቴ ከሥራ ተቀንሶ ሁለት ዓመት ቤት ዋለ" አሉ። "ድንገት ስገባ አልጋው ጫፍ ላይ፣ እጁን ጉልበቱ መሃል ከቶ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ሲያየኝ የሚሆነውን መሆን አትጠይቂኝ፤ ሲሰርቅ የተያዘ ይመስላል። ስለዚህ ማንኳኳት ጀመርኩ። አንኳኳና እስከ አምስት እቆጥራለሁ። እስከዚያ ይነሳል፣ እጁ ያገኘውን ያነሳል። መዶሻ ነበረችን። ስገባ መዶሻ ይዞ ቆሟል። 'ይቺን ወንበር ላጠባብቅ ብዬ' ይለኛል። ወንበሯ ምን ሆና! 'በርታ' እለዋለሁ።"

ሌላ ፎጣ ሰቀሉ።

"አንድ ቀን ቸኩሎ መዶሻውን ገልብጦ፣ በብረቱ በኩል ይዞት ነበር።"

"እርስዎ ሳቁ?"

"ምን ያስቃል? 'በርታ' አልኩት።" ገመዱን ጎተት አድርገው ለቀቁት። "ከሞተ ስድስት ዓመቱ። እጄ ለምዶ ነው እንጂ ማንንም አልጠብቅም።"

አሁን የምናገረው ያሳፍረኛል። ሴትዮዋ ቁስላቸውን ገልጠው ሲያሳዩኝ እኔ በልቤ የማስበው ያ የተገለበጠ መዶሻ ስንተኛው ገጽ ላይ እንደሚገባ ነበር።

"እትዬ፣ ይሄን ልጻፈው።"

"አይሆንም።"

"ስም አልጠራም እኮ!"

"ሁለት ዓመት ያንኳኳሁት ማንም እንዳያየው ነው። እኔ ራሴ እንኳ እንዳላየው። አንቺ በሩን በርግደሽ አገሩን ሁሉ ይዘሽ ልትገቢ ነው?"

"ማንኳኳቱንስ?"

አሰቡ። "እሱንስ አይተሻል፤ በዓይንሽ ያየሽውን ማን ይከለክልሻል? በሩ ላይ ቁሚ። አትግቢ።"

ከሥራ እንደወጣሁ እህቴ ቤት ምግብ የሚበላበት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። እህቴ አጠገቤ ሽንኩርት ትልጣለች፤ እኔ ሰማይ እሰርዛለሁ። ሁለት ሳምንት የለፋሁበት ሰማይ ነው፤ ሰረዝኩት። ደመናውን፣ ነፋሱን፣ ካባውን አወጣሁ። ከ"ምክንያቱም" ጀምሮ ያለውን ቆርጬ ጣልኩት። የቀረው አንዲት ሴት ከሥራ ወጥታ፣ ዕቃ ከያዘችላት ልጅ ጋር ስለ እግራቸው እብጠት እያወሩ ሲሄዱ ነው። በር ላይ ይደርሳሉ። ታንኳኳለች፣ ትቆያለች፣ ትከፍታለች። ልጅቷ አትጠይቅም።

"ስንት ቀረሽ?" አለች እህቴ።

"ሦስት ገጽ።"

"ዘጠኝ አልነበር እንዴ? በሙቅ ውሃ አጥበሽው ነው የተኮማተረው?"

ዓርብ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሦስተኛ ፎቅ ነበርኩ። አዘጋጁ ቆሞ አነበበው፤ በአንድ እጁ ወረቀቱን፣ በሌላው የሻይ ብርጭቆውን ይዞ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ብርጭቆው ከአፉ ሳይደርስ አየር ላይ ቆመ። እኔ ከወረቀቱ ይልቅ ብርጭቆውን ነበር የማየው። ካውያው ቆመ ማለት ነው።

ጨረሰና ከላይ እስከ ታች አየኝ። "ለምንድን ነው የምታንኳኳው?"

"እዚያ ላይ የለም።"

"እሱንማ አየሁ። አንቺ ግን ታውቂያለሽ፤ ፊትሽ ያስታውቃል።"

"አውቃለሁ። አልናገርም።"

"አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨምሪ፣ ገጹ ያንቺ ነው። አንባቢ እንዲህ በር ላይ ተገትሮ አይቀርም፣ ልጄ።"

መዶሻው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። እሱን ብናገር ቁጭ ብሎ፣ ሻዩን አስቀምጦ፣ በገዛ እጁ እንደሚጽፈው አውቃለሁ። ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ የተመለስኩባት በር ለመጀመሪያ ጊዜ ገርበብ ብላልኛለች። እትዬ ደግሞ መጽሔት አያነቡም፤ ማን ይነግራቸዋል? ይሄንንም አስቤዋለሁ። ጻድቅ አይደለሁም።

"እኔም በር ላይ ነኝ፤ አብሮኝ ይቁም" አልኩት።

ትከሻውን ነቀነቀና ወረቀቱን መለሰልኝ። ይሄ አሥራ ሁለተኛው።

ደረጃው ላይ ንዴቱ እስኪመጣ ጠበቅኩት። አልመጣም። ድካም ብቻ ነው የነበረው፤ ጠጣር፣ የለመድኩት፣ የእግር ድካም። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ልጅቷ ዕቃውን በየትኛው እጇ እንደያዘች መጻፍ እንዳለብኝ እያሰብኩ ራሴን ያዝኩት። ደብተሮቹን ለእህቴ ልጆች ልሰጥ መወሰኔ ትዝ ያለኝ መንገዱን ከተሻገርኩ በኋላ ነው።

ምድር ቤት ስገባ ክምሬ ይጠብቀኛል።

"ምን አለሽ?" አለች ራዲዮ።

"ክምሬን መለሰልኝ።"

"እሱ ደግሞ! መች ተኩሶ ያውቅና!"

እትዬ ከካውያቸው ቀና አላሉም። "ነገርሽው?"

"አልነገርኩትም።"

"ጠየቀሽ?"

"ጠየቀኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ብሎ።"

ሁለት የትራስ ልብስ ተኮሱ፣ አጠፉ፣ ደረቡ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ክምሬን ወደ ጠረጴዛቸው ሳቡት፤ ግማሹን ሳይሆን ሁሉንም።

"ተቀመጪ" አሉኝ። "አንብቢ።"

ሦስቱን ገጽ አነበብኩ። ድምፄን ከፍ ዝቅ አላደረግኩም፤ ጉልበቱም አልነበረኝም። ጭኔ ላይ ምንም አልመጣም። ስጨርስ ራዲዮ፣ ያቺ ራዲዮ፣ ለአንድ አፍታ ተዘግታ ቆየችና፣ "ታዲያ ለምንድን ነው የምታንኳኳው?" አለች። የእትዬ ካውያ ቀጥ ብሎ በተረከዙ ቆሟል፤ አንሶላው ደህና ነው።

ስንወጣ በሩ ላይ ክንዴን ያዙኝ።

"ባለቤቴ ይዞት የነበረውን ዕቃ ቀይሪው" አሉኝ ቀስ ብለው። "የቀረውን ጻፊው።"

"ገጹ ተዘግቷል እኮ፣ እትዬ።"

"ለዚያ ሰውዬ ማን አለሽ?"

ስለዚህ እዚህ ላይ መዶሻ ብዬ ጻፍኩ። መዶሻ አልነበረም። ምን እንደነበረ የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነን፤ ሁለታችንም ነገ ጠዋት አንሶላ አለብን።