እርጥብ ጠፍር

እህቴ ሙኒራ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ደወለች። አባታችንን ይዛ ከሐዋሳ ተነስታ ቦሬ ደርሳለች።

«ወንበሩ ተሠራ?»

«እየተሠራ ነው» አልኳት። ገና አልነካሁትም ነበር።

አባቴ ዳሌው ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ሐኪሙ ዝቅ ያለ መቀመጫ ከልክሎታል፤ ሶፋችን ደግሞ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። ለእሱ የሚሆነው ከፍ ያለው የቀርከሃ ወንበር ብቻ ነው፤ እዚህ ነጌሌ ሱቅ የከፈተ ዓመት ከደጋው ከቦሬ በአይሱዙ ጭኖ ያመጣው። የነጌሌ ሙቀት አድርቆት ማሰሪያው ላልቷል፤ አንደኛው የፊት እግሩም ይወላገዳል።

ጎረቤታችን ኦቦ አብዱባ ውሃ ውስጥ የቆየ የበሬ ቆዳ ጠፍር ይዘው መጡ።

«ናጋ? ሰላም ነው? አስተማሪው ዛሬ አናጢ ሆነ?»

«ናጋ፣ ኦቦ። አንቱ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር።»

«በዚህ እሰረው። ሲደርቅ ይሰበሰባል። የግመል ኮርቻ የምናስረው በዚህ ነው፤ ምስማር አይበልጠውም።»

ባለኝ ጉልበት የሚወላገደው እግር ላይ ጠመጠምኩት። ቶሎ እንዲደርቅም ወንበሩን ፀሐይ ላይ አወጣሁት።

«ተው ልጄ፣ ቀርከሃ ፀሐይ አይወድም» አለች እናቴ በመስኮት። አልሰማኋትም። ወደ በሩ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ጠፍሩን በጣቴ እነካለሁ። ሙኒራ እንደገና ደወለች፤ አዶላን አልፈዋል።

ስልኩን ሳልዘጋ ወንበሩ ጧ አለ። ጠፍሩ እየተሰበሰበ እግሩን ጨፍልቆ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆታል።

ኦቦ አብዱባ ጎንበስ ብለው አዩት። ሳቃቸው መጣ፤ ግን ያዙት።

«ጥፋቱ የኔ ነው። የኮርቻ እንጨት ሆዱ ሙሉ ነው። ይሄ ደገኛ ለካ ውስጡ ባዶ ነው።»

«ደገኞቹ እዚሁ ነን፣ እንሰማለን» አለች እናቴ።

ጠፍሩን በቢላ ቆርጬ ጣልኩ። ከማገዶው ክምር ቀጥ ያለ የግራር እንጨት መርጬ በተሰነጠቀው እግር ውስጥ እንዲገባ ጠረብኩት። የቀርከሃው አንጓ ከውስጥ ድፍን ስለሆነ በጋለ ብረት በሳሁት፤ ሁለቴ ተቃጠልኩ። እንጨቱ እስከ ላይ ከገባ በኋላ ኦቦ አብዱባ ስንጥቁን በሁለት እጃቸው ጨምቀው ያዙ፤ እኔ በሌላ ጠፍር ጠመጠምኩ። አሁን በጥላ ነው። መኪናው በር ላይ ጡሩምባ ሲነፋ ጠፍሩ ገና እርጥብ ነበር።

አባቴ በክራንች ተደግፎ ገባ። ቀስ ብሎ ሲቀመጥ ወንበሩ ሲጥ አለ።

«ማነው ያቃሰተው፣ እኔ ወይስ እሱ?» አለና ጠፍሩን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገ። «እርጥብ ነው።»

«ዛሬ ነው የታሰረው፣ አባዬ። እስኪደርቅ አልጋ ላይ ብትሆንስ?»

«ወር ሙሉ ተኝቼ ነው የመጣሁት።» ጀርባውን ወደ ኋላ ጣለ።

እነሱ ስለ ሆስፒታሉ ሾርባ ያወራሉ። እኔ ከወንበሩ ሥር መሬት ላይ ተቀምጬ ጆሮዬን ለጠፍሩ ሰጥቻለሁ።

«የማንን እግር ነው የምትጠብቀው?» አለኝ አባቴ።

«የሁለታችሁንም።»

መግሪብ ሲደርስ ጠፍሩን ነካሁት። ጠጥሯል፤ እንጨቱ ከውስጥ አልላወስ ብሏል። ቢሆንም ከዚያ አልተነሳሁም።