ጌጡ ያደመጠው ዳቦ

የጌጡ ዓይን በአንድ ጀንበር አልጠፋም። መጀመሪያ ዳር ዳሩ ጨለመበት፤ ከጎኑ የቆመ ሰው ካልተናገረ አያየውም። ቀጥሎ ነጩና ክሬሙ ክር ተመሳሰለበት። ሐኪሞቹ የዓይን ግፊት መሆኑን ሲነግሩት ጊዜው አልፎ ነበር። ሽሮ ሜዳ ላይ ስሙ የታወቀ ሸማኔ ነውና፣ ጥለቱን ከሩቅ አይተው «ይኼ የጌጡ እጅ ነው» የሚሉ ደንበኞች ነበሩት። ብርሃኑ ከሄደ በኋላም ለጥቂት ጊዜ በዳሰሳ ሠርቷል፤ ድርና ማግ ለእጁ አዲስ አይደሉማ። ክር ሲበጠስ ግን ጫፉን ማግኘት አቃተው። አንድ ቀን የተበጠሰ ክር ሲፈልግ ረፋዱን ሙሉ ዋለና፣ እግሩን ከሸማው ጉድጓድ አውጥቶ ተነሣ። ተመልሶ አልገባም።

ባለቤቱ ደሳለች ነጠላና ጋቢ የምትሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለቻት። ጠዋት ቤታቸው ካለበት ከቁስቋም ቁልቁለቱን ወርዳ ትከፍታለች፤ ማታ ዳገቱን እያለከለከች ትመለሳለች። ልጃቸው ኢየሩ ደግሞ እንግዳ ማረፊያ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ጌጡ ከሬዲዮው ጋር ይውላል። ሻይ እንኳ አያፈላም። አንዴ ሊያፈላ ሞክሮ የጋቢው ጫፍ በምድጃው እሳት ተያያዘ፤ ጎረቤት በጩኸቱ ደርሶ ነው ያጠፋለት። ደሳለች ያን ቀን አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። «ጌጤ፣ ከእንግዲህ ማድ ቤት እግርህ እንዳይገባ» አለችው፤ በቃ። ድምጿ ሲንቀጠቀጥ ሰምቷልና እሺ አለ።

ከዚያ ወዲህ ቁርሱ ተከድኖ፣ ምሳው በምሳ ዕቃ ተሞልቶ ይጠብቀዋል። ይበላል፣ ያመሰግናል። ልቡ ግን ሳጥን ውስጥ ተጣጥፎ እንደ ተቀመጠ ጋቢ ሆኖበታል፤ በክብር የተቀመጠ፣ ግን ማንም የማይለብሰው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ኢየሩ አንድ ከባድ ካርቶን አቅፋ መጣች። ማረፊያ ቤቱ ውስጥ ብዙ ወር የተቀመጠች እንግዳ ወደ አገሯ ስትሄድ «ለእናትሽ» ብላ የሰጠቻት የዳቦ ማሽን ነው።

«ደግሞ ምኑን ነው የሚሠራው?» አለች ደሳለች።

«ሁሉንም፣ እማዬ። ያቦካል፣ ኩፍ ያደርጋል፣ ይጋግራል።»

«ሰው ሳይነካው?»

«ሰው ሳይነካው።»

ደሳለች ከንፈሯን መጠጠች። «እጅ ያልነካው ዳቦ ምን ጣዕም ሊኖረው!» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ማድ ቤቱ ጠባብ ስለነበር ማሽኑ ሳሎን ቡፌው ላይ ተቀመጠ።

እሑድ ከቸርች መልስ ኢየሩ ሞከረችው። ጌጡ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ነበር። ድንገት ከቡፌው በኩል አንድ ድምፅ መጣ፤ ድብ፣ ጠፍ፣ ድብ፣ ጠፍ። ቀና አለ።

«ማነው የሚያቦካው?»

«ማንም የለም፣ አባዬ» አለች ኢየሩ ከማድ ቤት። «ማሽኑ ነው።»

ጌጡ ተነሥቶ ግድግዳውን እየዳበሰ ሄደና መዳፉን በማሽኑ ጎን ላይ ለጠፈ። ውስጡ ይመታል። ሊጡ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እየተወረወረ ይመለሳል፤ ልክ መወርወሪያው ከቀኝ እጁ ወደ ግራ እጁ ሲሄድ እንደነበረው። ይህን ምት ጌጡ ያውቀዋል። ሥራውን የሚያውቅ፣ የማይቸኩል፣ የማይዘገይ የእጅ ምት ነው። ግን እጅ የለም። ባለቤት የሌለው ምት ሰምቶ አያውቅም፤ ጠጉሩ ቆመ።

ዳቦው እስኪወጣ ድረስ ከዚያ አልተነቃነቀም። ደሳለች «ምሳ ቀርቧል» ብትለው «መጣሁ» አለ እንጂ አልመጣም።

በማግስቱ ኢየሩን ለብቻዋ አገኛትና «አስተምሪኝ» አላት።

«አባዬ! እማዬ ትገድለኛለች።»

«እሳት አለው?»

«እሳትስ የለውም። ውስጡ ግን በጣም ይግላል።»

«ክዳን አለው?»

«አለው።»

«ያለው ማድ ቤት ነው?»

ኢየሩ ሳቋ አመለጣት። «ሳሎን ነው።»

«እንግዲያስ ቃሌን አላፈረስኩም። አስተምሪኝ።»

አስተማረችው። መጀመሪያ ውኃና ዘይት፣ ከዚያ ዱቄት። ጨውና ስኳር በጥግ በጥጉ። እርሾው ከሁሉ በኋላ፣ ዱቄቱ መሐል በጣት ትንሽ ጉድጓድ ተቆፍሮ፤ ውኃውንም ጨውንም ሳይነካ። ስኒውን ሞልቶ ከአፉ በላይ የተረፈውን በጣቱ ጠርጎ እንዲያስተካክል አሳየችው። የማስነሻው ቁልፍ ከሌሎቹ ጋር አንድ ዓይነት ለስላሳ ሆኖ ሲያስቸግረው፣ የጥፍር ቀለሟን አምጥታ አንዲት ጠብታ አስቀመጠችበት። ጠብታዋ ስትደርቅ እንደ ምስር ፍሬ ጉብ ብላ ቀረች።

«ሲያበቃ ይጮኻል» አለችው። «ለመንካት ግን አትቸኩል፣ አባዬ። ማልልኝ።»

«ጌታ ምስክሬ ነው።»

ማክሰኞ ሁለቱም ወጡ። የውጩ በር ሲዘጋ ጌጡ እጁን ታጠበ፤ እንደ ድሮው፣ ነጭ ክር ከመንካቱ በፊት ይታጠብ እንደነበረው፣ እስከ ክርኑ። ኢየሩ ዱቄቱንና ሌላውን ሁሉ ቡፌው ሥር አዘጋጅታለት ነበር። እየለካ ጨመረ፤ ጥቂት ዱቄት ቡፌው ላይ ፈሰሰ። ክዳኑን ገጠመ። የምስሯን ጠብታ ፈለገና ተጫነ።

ማሽኑ ተነሣ። ግን እሑድ የሰማው ድምፅ አይደለም። ሞተሩ ብቻውን ያጉረመርማል፤ ምት የለም። ጌጡ ጆሮውን አስጠጋ። ሸማኔ መወርወሪያው ባዶ ሲሄድ ሳያይም ያውቃል፤ ማግ የሌለው መወርወሪያ ቀለል ብሎ ነው የሚያልፈው። ይኼም ባዶ ነው። የሚሽከረከረው ነገር ሊጡን አልያዘውም።

ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለ። እጅጌውን ሰብስቦ እጁን ወደ ውስጥ አስገባ። ቀዝቃዛ ውኃ፣ በላዩ ደረቅ ዱቄት፣ ከታች አንዲት ቀጭን ዘንግ። ዘንጓ ራቁቷን ናት። ሊጡን የምትመታው ትንሽ የብረት ክንፍ የለችም! ቡፌውን ዳበሰ፤ ጨርቁን አነሣ፤ መለኪያውን ስኒ ገለበጠ። ከሥሩ ነበረች፤ ኢየሩ ለማጠብ አውጥታ ሳትመልሳት ቀርታለች። በጭቃው መሐል ይዟት ወረደ፤ የዘንጓን ጫፍ ፈለገ። አንዴ ሳተ፣ ሁለተኛ ሳተ። የተበጠሰው ክር ትዝ አለው። «ኧረ ጌታዬ፣ ዛሬስ» አለ ጮክ ብሎ። ቀስ አድርጎ ሲያዞራት ቀጭ ብላ ገባች።

መልሶ ሰካው። ተጫነ። ድብ፣ ጠፍ። ድብ፣ ጠፍ።

ጌጡ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። የሊጡ ድምፅ እየተለወጠ ሲሄድ ሰማ። መጀመሪያ እንደ ጭቃ ይንቦጫረቅ ነበር፤ ከዚያ መወፈር፣ መያያዝ ጀመረ፤ በመጨረሻ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ግድግዳውን በጥፊ ይመታ ጀመር። ብትንትኑ የወጣ ዱቄት አንድ አካል ሲሆን በጆሮው ተከታተለ።

ከዚያ ዝም አለ።

ጌጡ ጠበቀ። ዝምታው ረዘመ። መብራት ሄዷል ማለት ነው? ለሚያይ ሰው አምፖል ማየት ብቻ ነው፤ እሱ ግን ሄዶ የሬዲዮውን ቁልፍ አዞረ። ሬዲዮው ስለ ትራፊክ መጨናነቅ ማውራት ጀመረ። መብራትማ አለ። አጠፋውና ተመለሰ። ኢየሩ «ኩፍ ሲል ዝም ይላል፣ አትፍራ» ብላው እንደነበር ያኔ ነው ያስታወሰው።

እንደገና ተቀመጠ። በውጭ ዝናብ ቆርቆሮውን ይነካካ ነበር፤ ታች አስፋልቱ ላይ አንድ የታክሲ ረዳት «ፒያሳ! ፒያሳ!» ይላል። ከማሽኑ ግን ምንም። ትዕግሥቱ ሲያልቅ ክዳኑን ቀስ ብሎ ገለጠና የሌባ ጣቱን ዝቅ አደረገ።

የሚያገኘው የማሽኑ ድስት ሥር መስሎት ነበር። አጋማሽ ላይ ሳይደርስ ጣቱ ሊጡን ነካ።

ወደ ላይ መጥቷል! ለብ ያለ ነው። ቆዳው እንደ ጥሩ ሐር ለስላሳ። ጫን ሲለው ጎድጎድ ብሎ፣ ጣቱን ሲያነሣ ቀስ ብሎ ተመለሰ፤ እንደ ተኛ ሰው ደረት። ጌጡ እጁን ሰበሰበ። ማንም ሳይነካው፣ ምንም ሳይመታው፣ በጨለማው ውስጥ፣ ክዳን ተከድኖበት። እሱ ቤቱ ዝም ያለ መስሎት፣ ምንም የማይደረግ መስሎት በተቀመጠበት ሰዓት ሁሉ ይኼ ነገር ሥራ ላይ ነበር።

ዓይኑ ከጠፋ ጀምሮ ጨለማን እንደ ጠላት ነበር የሚቆጥረው። ክዳኑን መለሰ፤ ወንበሩ ላይ ጎንበስ አለና «ጌታ ሆይ፣ ሥራህ ድንቅ ነው» አለ። ብዙ ጸሎት የሚያውቅ ሰው ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ይቺው በቃችው።

ቆይቶ ሽታው መጣ። መጀመሪያ የሞቀ ዱቄት፣ ቀጥሎ የሚጠበስ ጣፋጭ ነገር፣ ከዚያ ራሱ ዳቦው፣ ቤቱን ሞልቶ በመስኮቱ የወጣ። ማሽኑ ሊጮኽ ሲቃረብ የውጩ በር ተንኳኳና ተከፈተ። ዝናቡ ገበያተኛውን በትኖት ደሳለች ቀድማ መመለሷ ነበር።

«ኢየሩ? ዛሬ ሥራ አልገባሽም እንዴ?» አለች ከደጅ።

«ኢየሩ የለችም» አለ ጌጡ።

ጃንጥላዋ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ሰማ። «ታዲያ ማነው...»

«እኔ ነኝ፣ ደስዬ።»

ማሽኑ ጮኸ። ደሳለች ሮጣ ስትመጣ ተሰማው። «ተወው! እንዳትነካው፣ እኔ ላውጣው!»

«ዛሬን ተይኝ» አላት። አልጮኸም፤ ግን ቆመች። ጌጡ ወፍራሙን ጨርቅ በሁለት አጥፎ የድስቱን መያዣ አገኘ፤ ዞር አድርጎ ሳበ፤ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። መጀመሪያ እምቢ አለ። ነቅነቅ ሲያደርገው ዳቦው ዱብ ብሎ ወጣ።

ደሳለች ቀርባ እጆቹን ያዘች። ጣቶቹን አንድ በአንድ፣ ፊትና ጀርባቸውን፣ እስከ አንጓው ድረስ አገላብጣ አየች። የተቃጠለ እንደሌለ ስታረጋግጥ ትንፋሿን ለቀቀች፤ እጁን ግን አልለቀቀችም።

«ሞኝ ነህ» አለችው። «ብትቃጠልስ?»

«አልተቃጠልኩም።»

«ማነው ያሳየህ? ያቺ ልጅ ናት አይደል?»

«እጇን አታንሺባት። እኔ ነኝ የነዘነዝኳት።»

ዳቦውን እሷ ቆረሰችው። ቅርፊቱ ሲሰነጠቅ ሰማው። ለእሱ አጎረሰችው፤ ለራሷም ጎረሰች። ረዘም ላለ ጊዜ አላመጠች።

«ጨው አንሶታል» አለች።

ጌጡ ሳቀ። ከሸማው ከተነሣ ጀምሮ ሥራውን ተችቶበት የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ሁሉ ሰው «ጎበዝ፣ ተባረክ» ብቻ ነበር የሚለው። ጨው አንሶታል መባል እንዲህ እንደሚጣፍጥ አያውቅም ነበር። ደሳለች ለጎረቤታቸው ለቶለሳ በሳህን ስትወስድለት ደጅ ሆና «ጌጡ የጋገረው ነው» ስትል ሰማት፤ ድምፅዋን ከፍ ማድረጓን ልብ አለ።

ኢየሩ ማታ ጥቂት ቁጣ ደረሳት። እናቷ ግን ተቆጥታ ስትጨርስ «ለቅዳሜ ዱቄት አለን?» ብላ ጠየቀቻት።

ቅዳሜ ጠዋት ደሳለች ወደ ሱቋ ልትወርድ ነጠላዋን እያጣፋች ሳለ ማሽኑ ማቡካቱን ጨርሶ ዝም አለ። ጌጡ ከወንበሩ ጠራት። «ነይ፣ እጅሽን ስጪኝ። ገና ነው፣ ትንሽ ቆይተን እንከፍተዋለን።»

«ረፍዶብኛል እኮ፣ ጌጤ።»

«ትንሽ ብቻ።»

ተቀመጠች። ብዙም ሳትቆይ መነሣት ፈለገች፤ እሱ ግን እጇን ይዟል። በመጨረሻ ክዳኑን ገለጠና ጣቷን መርቶ ሊጡ ላይ አሳረፈው። ደሳለች ለሠርግ፣ ለልደት፣ ለለቅሶ ቤት ዕድሜዋን ሙሉ ዳቦ ደፍታለች። ሊጡን አቡክታ ትሸፍነውና ወደ ሌላ ሥራ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ደርሶ ታገኘዋለች። አጠገቡ ተቀምጣ አታውቅም።

ጣቷን አላነሣችም። ሊጡ በጣም ቀስ ብሎ፣ ግን እርግጥ ሆኖ፣ ወደ ላይ ገፋት።

«ኧረ!» አለች በለሆሳስ። «ሁልጊዜ እንዲህ ነበር እንዴ?»

«ሁልጊዜ» አላት ጌጡ።

ክዳኑን ከደነ። የጠዋቱ ታክሲዎች ሰው ጭነው ቁልቁለቱን ሲወርዱ፣ ሁለቱ ከማሽኑ ፊት ለፊት ጎን ለጎን ተቀመጡ። የደሳለች ሱቅ የዚያን ቅዳሜ ዘግይታ ተከፈተች።