የግራው እግር ልክ

ልብስ ሰፊው የስድስት ዓመት ልጁን ሱሪ በግራ እግሩ በኩል ሁለት ጊዜ አሰፋላት። መጀመሪያ ጨርቁ ሲታጠብ ተኮማተረ ብሎ፣ ቀጥሎ የገዛ መቀሱን ጠርጥሮ። ጉልበቷን የጠረጠረው በሦስተኛው ነው።

«ማበጥ የጀመረው መቼ ነው?» አለችው ሐኪሟ።

የልክ ደብተሩን ከኪሱ አወጣ። «ትምህርት ቤት ስትገባ ሃያ ስድስት ሳንቲ ሜትር። ከወር በኋላ ሃያ ስምንት። ትናንት ሠላሳ አንድ።»

ሐኪሟ እንዲህ የሚመልስ አባት አጋጥሟት አያውቅም። ከልጅቷ የጭን አጥንት ጫፍ፣ ጉልበቷ አጠገብ የበቀለው ዕጢ በዚህ ዕድሜ እምብዛም የማይታይ፣ ከታየም ፋታ የማይሰጥ ክፉ ዓይነት መሆኑን ነገረችው። አሥር ሳምንት መድኃኒት ትወስዳለች። ዕጢው ከቀነሰ የታመመውን አጥንት ብቻ አውጥተው በብረት ይተካሉ፤ ካልቀነሰ እግሯ ይቆረጣል።

ከዚያ ወዲያ ልብስ ሰፊው ጠዋት ጠዋት ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ጉልበቷን ይለካ ጀመር። ሠላሳ ተኩል። ሠላሳ። ሃያ ዘጠኝ ተኩል።

«እየሸሸ ነው» አላት ለሚስቱ።

«አንተ ሰውዬ፣ በሜትር የሚድን በሽታ የት አይተሃል?» አለችው፤ ግን ደብተሩን ተቀብላ ሁለቴ አነበበችው።

በዘጠነኛው ሳምንት ልጅቷ፣ ፀጉሯ ያለቀ ራሷን ትራሱ ላይ እንዳሳረፈች፣ ሲለካት ታየው ነበር።

«አባዬ፣ ሜትሩን ታጠብቀዋለህ።»

«አላጠብቅም።»

«ለደንበኞችህ ጣትህን ታስገባለህ። ለእኔም ድሮ ታስገባ ነበር።»

እውነቷን ነው። ልብሱ እንዳይጠብቅ ብሎ ለሃያ ዓመት ሙሉ ከሜትሩ ሥር አንድ ጣት እያስገባ ነው የለካው። መቼ እንደተወው አላስታወሰም። ጣቱን አስገብቶ እንደገና ለካ።

«ስንት መጣ?»

«ሠላሳ አንድ ተኩል።»

ጻፈው። ለሚስቱ ግን አላሳያትም።

በሳምንቱ ሐኪሟ ልጅቷ የተነሳችውን የራጅ ፎቶ መብራቱ ላይ ሰቅላ ተመለከተች። ከዚያ ወንበሯን ወደ ባልና ሚስቱ አዞረች። ፎቶው ደብተሩ ላይ መጨረሻ ከተጻፈው ልክ የተለየ ነገር አልነበረውም። እናትየው ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«የሚቆረጠው ከየት ላይ ነው?» አለ ልብስ ሰፊው።

ሐኪሟ በልጅቷ ጭን ላይ በእጇ አሳየችው። እሱም ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ እዚያው ላይ አዞረው።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለች ሚስቱ።

«ሱሪዋ መስተካከል አለበት።»

ልጅቷ አንገቷን አስግጋ ተመለከተች።

«ጣትህን አስገብተሃል?»

«አስገብቻለሁ።»