የሶልሩን ድንክ በርቾች

ሶልሩን ባሏ ከሞተ ወዲህ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ከቤቷ ጀርባ ያለውን የወንዝ ዳር ገደል ድንክ በርች በሚባል አጭር ዛፍ ስትሸፍን ኖራለች። ወንዙ በየፀደዩ አፈሩን እየቦረቦረ ወደ ቤቱ ይጠጋ ነበር። በእኛ የአይስላንድ ሸለቆ ረጅም ዛፍ ነፋስ አያኖረውም። ይህ ግን ከጉልበት ሳያልፍ መሬት ላይ ተንሰራፍቶ አፈሩን በሥሩ ይይዛል። ችግኙን ከተራራው ረግረግ ዳር በገዛ እጇ እየነቀለች ታመጣለች።

ጎረቤቷ ግሪሙር ይስቅባታል፤ በጎቹም አጥሯን እየጣሱ ቡቃያውን ይግጡባታል።

«እንደው አንቺ ሴትዮ፣ ጥላው ሥር ማን ሊቀመጥበት ነው? ድመትሽ?»

«ድመቴ ታውቅበታለች። አንተ በጎችህን ሰብስብ!»

በግንቦት መጨረሻ የተራራው በረዶ ባንዴ ቀለጠና ወንዙ ደፍርሶ ሞላ። በማለዳ ሶልሩን በመስኮት ስታይ ሦስት በጎች በርቾቿ መሀል ገብተዋል። በንዴት ወጣች። ግሪሙርም እየሮጠ መጥቶ አንዷን ሊይዝ ሲንደረደር አፋፉ ከእግሩ ሥር ተናደ። በጓ ከነአፈሩ ወንዙ ውስጥ ገባች። እሱ እግሩ ወንዙ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ደረቱን ባልተናደው አፋፍ ላይ ጥሎ አንድ በርች ጨበጠ።

ተነቀለ። ሌላ ያዘ፤ አምና የተተከለ ነበርና እሱም ከነሥሩ መጣ።

«ሶልሩን!»

«አትንፈራገጥ! በግራህ ያለውን ያዝ፣ የቆየውን!»

«የቱ ነው የቆየው? ሁሉም አጭር ነው!»

«ግንዱ የጠቆረው!»

ያዘው። ሥሩ ሲንቋቋ ይሰማታል። በሆዷ ተኝታ ወደ እሱ ተሳበች፤ መሬቱ ከሥሯ እንደ ገንፎ ይላወሳል። የሹራቡን አንገትጌ ጨብጣ ሳበች፤ አልሆነም። ለአፍታ «ልልቀቀው ይሆን?» ብላ እንደነበር ኋላ ራሷ ነግራኛለች። እግሯን በቆዩት በርቾች መሀል ሰክታ እንደገና ሳበችው። ጭቃ ለብሶ ወጣ።

ሁለቱም ቁና ቁና እየተነፈሱ ተጋደሙ።

«በጌ…» አለ።

«በግህ ሄዳለች። ተነስ፣ ዛፌ ላይ ነው የተኛኸው።»

ከሰዓት በኋላ ሽቦና ችካል ተሸክሞ መጣ። እሱ ችካሉን ሲተክል እሷ ሽቦውን ወጠረች። አጥሩን ሲጨርሱ ከተነቀሉት መሀል ወንዙ ያልወሰደውን አንዱን በርች መልሰው ተከሉ።

«ይጸድቅ ይሆን?» አላት።

«እኔ ምን አውቄ» አለች። አፈሩን በመዳፏ ጠቀጠቀችው፤ ወንዙም ገና አልጎደለም።