አብሽ የተቀባ ራስ

ሃዳስ በቃ አንዴ አንድ ነገር ጭንቅላቷ ውስጥ ከገባ ማንም አያወጣላትም! የዛን ሰሞን የገባባት ደግሞ የእናቷ ፀጉር ነበር። የደስታነሽ ፀጉር እኮ ዝም ብሎ ፀጉር አልነበረም፤ ጥቁር፣ ድፍን ያለ፣ ጎንደር እያሉ ታናሽ እህቷ አዝመራ ግማሽ ቀን ሙሉ ቁጭ ብላ የምትሠራላት ዓይነት። እየሩሳሌም ከገቡ ወዲህ ግን በየትራሱ፣ በየማበጠሪያው እየቀረ፣ ፊት ለፊቱ ሳስቶ ሳስቶ ቆዳዋ ይታይ ጀመር። ሻሿን ለመተኛት ካልሆነ አታወልቅም።

አዝመራ ደግሞ ልትመጣ ነው! አሥራ አንድ ዓመት ጎንደር የእስራኤል መግቢያ ወረፋ ስትጠብቅ ኖራ በመጨረሻ ፈቃዱ ወጣላት። ከፋሲካ በኋላ ትገባለች ተባለ።

«ደስ አይልሽም እንዴ ኢማ?» አለቻት ሃዳስ፤ እናቷን እንደ አገሩ ልጆች በዕብራይስጥ ነው የምትጠራት።

«እጇን ራሴ ላይ ስታደርግ ምን ልታገኝ ነው? የተሸለተ በግ?» ብላ ደስታነሽ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ዓይኗ እንባ ሞላ። «እሷን እዛ ጥዬ መጣሁ። የምትወደውን ፀጉር እንኳን አልጠበቅኩላትም።»

ይቺን ስትሰማ ሃዳስ አላስቻላትም። በማግስቱ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ከሰፈራቸው ከጊሎ አውቶቡስ ይዛ መሃል ከተማ ወዳለው ሐበሾች መንገድ በረረች። እዛ ከኢትዮጵያውያን ቤተክርስቲያን ግንብ ጀርባ እትዬ ሸዋረገጥ የሚባሉ ሴትዮ አሉ፤ የመነኮሳቱን ልብስ የሚያጥቡ፣ በየቆርቆሮው እሬት የሚተክሉ፣ ለራስ ለሆድ መድኃኒት የሚያውቁ።

«እናትሽ ቤተ እስራኤል አይደለችም እንዴ? ከክርስቲያን እጅ ትቀባለች?»

«እትዬ፣ ለፀጉሯ ከሆነ ከሰይጣንም ትቀባለች!»

«ኧረ አፍሽን ያዢ!» በነጠላቸው ጫፍ ጠበሷት፤ ግን እየሳቁ ነው። «አብሹን አሳድረሽ ዘፍዝፊው፣ ፍጪው፣ የእሬቱን ዝልግልግ ጨምሪበት። ስትታጠብ በጥብስ ቅጠል ውሃ አለቅልቂያት። በሳምንት አንዴ፣ ስምንት ሳምንት። ደግሞ አትቸኩሉ።»

የጥብስ ቅጠሉማ ምን ችግር አለው፣ ጊሎ ውስጥ በየፌርማታው አጥር ሆኖ በቅሏል! ሽታው ነው እንጂ ጉዱ። ደስታነሽ የምታጸዳበት ቢሮ ያሉት ሴቶች በየሳምንቱ «ዛሬ ደግሞ ምን ወጥ ነው?» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ግን፣ ወይኔ! ግንባሯ ጥግ ላይ ልክ እንደ ጫጩት ላባ የመሰለ ለስላሳ ነገር ብቅ አለ። ሃዳስ ጮኸች። ደስታነሽ መስታወቱን ይዛ ነካችው፣ ደግማ ነካችው።

ስምንተኛው እሁድ ደረሰ። በረራው ሐሙስ ነው። ጠዋት ሃዳስ አብሹን ቀብታ፣ የገበያ ላስቲክ አልብሳት፣ «ሽሮ ትመስያለሽ!» እያለች ስታበሽቃት በሩ ተንኳኳ።

ስትከፍት ጋሼ መንገሻ፣ የእናቷ አጎት፣ ከነሚስታቸው ቆመዋል። ከኋላቸው ደረጃውን የሞላ ዘመድ። በዚህ ጠዋት! ጎንደር ያደገ ልጅ ቢሆን ሰው እንዲህ በማለዳ ተሰብስቦ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ሰላም ሳይል ሲቆም ምን ይዞ እንደመጣ ያውቃል። ሃዳስ ግን በሦስት ዓመቷ ነው የመጣችው። እሷ የምትጠብቀው አንድ ወሬ ብቻ ነው።

«ቀደም ብላ ገባች! እልልልልል! ኢማ ነይ! አዝመራ መጣች! እልልልል!»

ጋሼ መንገሻ እጃቸውን ወደ አፏ ሰደዱ፤ አልደረሱባትም። አዝመራ ሦስት ቀን ታማ ከትናንት በስቲያ ተቀብራለች። ማታ ሰምተው ነበር፤ ደስታነሽ ሌሊቷን እንኳን ትተኛ ብለው ነው ያሳደሩት።

ደስታነሽ ላስቲኳን እንዳጠለቀች እየሮጠች ወጣች። የጋሼ መንገሻን ነጠላ አየች። ቆመች።

«አዝመራዬን! እህቴን!» ላስቲኩን ቦጨቀችው፤ አሥሩንም ጣቶቿን ራሷ ውስጥ ሰክታ ጎተተች። አብሹም ፀጉሩም አብሮ ወጣ።

«ኢማ ፀጉርሽን! ፀጉርሽን!» ሃዳስ እጇ ላይ ተንጠለጠለች።

«ተያት ልጄ፣ ይውጣላት» ብለው ሴቶቹ አላቀቋት።

ከሰዓት በኋላ ደስታነሽ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ አብሹ ራሷ ላይ ደርቋል። ሃዳስ ተጠጋቻት።

«ኢማ፣ እኔ እኮ አላወቅኩም…»

«አውቃለሁ ልጄ።» ድምጿ ተዘግቷል። «እልልታሽን ጓዳ ሆኜ ሰማሁት። አመንኩሽ እኮ። እስከ በሩ ድረስ ደስ ብሎኝ ነው የመጣሁት።»