የምንይሉ ገንቦ

ባሌ ዘመድኩን በደርግ ጊዜ ጆርጂያ ሄዶ ምህንድስና ተማረ። ምህንድስናውን ረሳው፤ ቻቻ ማውጣቱን ግን አልረሳም። ቻቻ ማለት ወይን ከተጨመቀ በኋላ ከቆዳውና ከፍሬው የሚወጣ፣ እንደኛ አረቄ ጉሮሮ የሚያቃጥል መጠጥ ነው። ማውጫውን የሠራለት ምን አለሽ ተራ ብረት የሚቀጠቅጠው ጎረቤታችን በሽር ነው። ሙስሊም ስለሆነ፣ ለምን እንደሚውል እንዳልሰማ ሆኖ ነው የሠራው።

ልጃችን ምንይሉ የተወለደ ጊዜ ዘመድኩን አንድ ገንቦ ቻቻ ጓሯችን ውስጥ ቀበረ። ጆርጂያ ያስጠጉት ገበሬዎች ያስተማሩት ልማድ ነው። አባት ልጅ ሲወለድለት ይቀብራል፣ ለሰርጉ ያወጣዋል። ልጁ ቀድሞ ከሞተ ደግሞ አባትየው ራሱ አውጥቶ፣ ዳቦ ላይ ጠብ አድርጎ፣ የቀረውን መሬት ላይ ያፈሰዋል። ይህን ሲነግረኝ አራስ ነበርኩ፤ አፍህን ዝጋ ብዬ ተቆጣሁት።

ምንይሉ ሱዳንን አቋርጦ ሊቢያ ከገባ በኋላ ድምፁ ጠፋ። እኔ ተስፋ አልቆረጥኩም። አንድ ቀን ይደውላል ብዬ ስልኬን አቅፌ እተኛለሁ።

ዘንድሮ ሰፈራችን ይፈርሳል ተባለ። ሰው ሁሉ ዕቃውን በአይሱዙ እየጫነ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ፣ እድራችንም ፈረሰ። የቀረነው እኛና በሽር ነን። ዘመድኩን ዕቃ ሲያስር ስለ ገንቦው አላነሳም። ሳስታውሰው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የት ልትቀብሪው ነው፣ ይቅር አለኝ። ደሜ ፈላ። የልጄን የሰርግ መጠጥ ፍርስራሽ ሥር ጥዬ ልሄድ?

እሱ መኪና ሊያነጋግር ሶማሌ ተራ ሲሄድ በሽርን ጠራሁት። ዶማውን ይዞ መጥቶ ቆፈረልኝ። ገንቦውን ግን አልነካም፣ እኔው አወጣሁት። አፉ የታሸገው በነጭ ሻማ ነው። ያኔ ያሸግነው በማር ሰፈፍ ነበር። ክው አልኩ። በቢላ ፍቄ ከፈትኩትና ቀመስኩ። ውሃ ነው።

ቀና ስል ዘመድኩን በሩ ላይ ቆሟል። ጠጥተኸው ነው ብዬ ልሰድበው ነበር፣ ፊቱን ሳይ ተውኩት።

«አብሮት የተሳፈረ ልጅ ነገረኝ» አለ። «ጀልባዋ ሰጠመች። ካቻምና ነው። ስልክሽን አቅፈሽ ስትተኚ እያየሁ እንዴት ልንገርሽ?»

«ዳቦውስ?»

«ዳቦም ነበረኝ። ሥርዓቱን አላጎደልኩበትም።»

«ብቻህን?»



ተናደድኩበት፣ አሳዘነኝም። ካቻምና ቢነግረኝ ሰፈሩ ሙሉ ነበር። ድንኳን ይተከል ነበር፣ ሴቶቹም ደረታቸውን እየደቁ አብረውኝ ያለቅሱለት ነበር። አሁን ግራም ቀኝም የፈረሰ ግድግዳ ነው። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩና እሪ አልኩ። ማንም አልመጣም።

በሽር ዶማውን አስቀመጠ። ከታሰረው ዕቃ ላይ አንድ ፍራሽ ፈታና እንደ ለቅሶ ቤት መሬት ላይ አነጠፈልን። ከዚያ እሱም ተቀመጠ። የልጄ ለቀስተኛ እሱ ብቻ ነበር።